የአምስቱ ካውንቲዎች መንገድ፦ ስለ ናይሮቢ ትራንስፖርት ገንዘብና ሕግ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዕለት ተዕለት ኑሯችን የማይርቅ፥ ሆኖም በምክር ቤት አዳራሽና በበጀት መዝገብ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የናይሮቢና የጎረቤቶቿ ካውንቲዎች መጓጓዣ የሚታነጽበት ገንዘብ ከወዴት እንደሚመጣ፥ በማን ፈቃድ እንደሚወጣ፥ ይህንንም ለማጽናት የትኛው ሕግ ሊቀድም እንደሚገባ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የናይሮቢዋን ሰፈር ሳውዝ ሲን በካርታ ላይ ለተመለከታት ሰው በመንገድ የታደለች መንደር ትመስላለች። በምሥራቋ የሞምባሳ መንገድ ይዘረጋል፤ ከሞምባሳ መንገድ በላይ ደግሞ በዐምድ ላይ የቆመው የናይሮቢ የፍጥነት መንገድ ያልፋል፤ በምዕራቧ የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ፥ ከእርሱም ማዶ የላንጋታ መንገድ፥ በደቡቧም የብሔራዊውን የአራዊት ፓርክ አጥር ይዞ የሚሄደው የደቡብ ማለፊያ መንገድ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ከሙሆሆ ጎዳና ወይም ከፖፖ መንገድ ማለዳ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚወርድ ሠራተኛ፥ ርቀቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የቀኑን ጕልበት ገና ሥራ ሳይጀምር ይጨርሳል፤ በ2024 በታላቁ ዝናብ ወራት ናይሮቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍም ለሳውዝ ሲ መንገዶች አልራራላቸውም። እንዲህ በታላላቅ ጎዳናዎች የተከበበች መንደር በጉዞ የምትጨነቅበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን ብንመረምር፥ መልሱ ከአስፋልቱና ከድንጋዩ ይልቅ በባለቤትነቱ አከፋፈል ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 2010 የታወጀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለማእከላዊው መንግሥትና ለ47 ካውንቲዎች ሲያከፋፍል፥ አራተኛው ሠንጠረዥ ዋና ዋናዎቹን የአገር አቋራጭ መንገዶች፥ የባቡር ሐዲዱንና የአየር በረራውን ለማእከላዊው መንግሥት ሰጠ፤ የካውንቲ መንገዶችን፥ የመንገድ መብራትን፥ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴንና ማቆሚያን፥ እንዲሁም የሕዝብ የየብስ መጓጓዣን ደግሞ ለካውንቲዎቹ ሰጠ። ከዚያ ቀደም በ2007 በወጣው የመንገዶች ሕግ የተቋቋሙት ሦስት ባለሥልጣኖች፥ ማለት የአገር አቋራጭ፥ የከተማና የገጠር መንገዶች ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች፥ ሥራቸውን እንደ ቀጠሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ የሳውዝ ሲ ነዋሪ ከደጃፉ ወጥቶ የሚረግጠው የሰፈር መንገድ የአንዱ፥ ታክሲ የሚጠብቅበት የሞምባሳ መንገድ የሌላው፥ ከራሱ በላይ የሚያልፈው የፍጥነት መንገድ ደግሞ በውል የተያዘ የሦስተኛው ወገን አደራ ነው። የሚሳፈርበት ማታቱ የግለሰብ ንብረት ሲሆን፥ የጉዞ ፈቃዱን የሚያገኘው ከማእከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤት፥ የመቆሚያውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ለካውንቲው ነው። ይህ ሁሉ የሥልጣን ክፍፍል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ክፍፍሉን የሚያስተሳስር የጋራ ገንዘብና የጋራ ሕግ ካልተከተለው፥ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድርሻ እየጠቆመ የቀረውን ለሌላው ይተዋል።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንለፍ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልንዘገይ ይገባናል፥ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ከዚህ ላይ ነውና። በኬንያ የመንገድ ጥገና ዋነኛ ምንጭ በ1993 በወጣ ሕግ የተመሠረተው የመንገድ ጥገና ቀረጥ ነው። ቀረጡ በእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ ላይ ተጨምሮ የሚሰበሰብ ሲሆን፥ ለብዙ ጊዜ 18 ሽልንግ ሆኖ ቆይቶ በሐምሌ 2024 ወደ 25 ሽልንግ ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን የምንሻው ነገር አለ፤ ቀረጡን የሚከፍለው መኪና ያለው ሰው ብቻ አይደለም። የማታቱ ባለቤት ነዳጅ ሲቀዳ የከፈለውን በታሪፉ ላይ ስለሚያክለው፥ ከሳውዝ ሲ እስከ መካከለኛው ከተማ ቆማ የምትሄደዋ የቤት ሠራተኛ፥ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያስመጣው ባለሱቅ፥ ከሞያሌ በጭነት መኪና የመጣ በርበሬና ሽሮ የሚገዛውም ሰው ሁሉ ከፋዮች ናቸው። ከፋዩ ሁሉ ከሆነ ዘንድ፥ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ለመጠየቅም መብቱ የሁሉ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? በ2016 በታወጀው የመንገዶች አመዳደብ መሠረት፥ ኬንያ በዚያ ጊዜ ከነበራት ወደ 161 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚሆን መንገድ ውስጥ አርባ ሺህ ያህሉ የማእከላዊው መንግሥት፥ የቀረው ከ120 ሺህ የሚበልጠው ደግሞ የካውንቲዎች ነው። ለጥቂት ዓመታት ከጥገናው ቀረጥ 15 ከመቶው በልዩ ድጎማ መልክ ለካውንቲዎች ይደርስ ነበር፤ በኋላ ግን ተቋረጠ። በ2024 በጀት ጊዜ ሴኔቱ ከዚሁ ቀረጥ 10.5 ቢሊዮን ሽልንግ ለካውንቲዎች እንዲሰጥ ሲደግፍ፥ የብሔራዊው ጉባኤ አባሎች ገንዘቡ ለማእከላዊው መንግሥት መንገዶች ነው ብለው ተቃወሙ፤ የካውንቲ ገዥዎቹ ማኅበርም ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከል የተነሣው አለመስማማት ለካውንቲዎች ሊደርስ የሚገባውን ሌላውን ተጨማሪ ድጎማ እንኳ አስሮ አቆየው። ከዚህም ሌላ በ2025 መንግሥት ከ25ቱ ሽልንግ ውስጥ 7ቱን ለመጪዎቹ ዓመታት አስይዞ፥ ለመንገድ ሥራ ተቋራጮች ሳይከፈል የተጠራቀመውን ዕዳ ለመክፈል 175 ቢሊዮን ሽልንግ የሚያህል ገንዘብ ለማግኘት ወሰነ። ዕዳን መክፈል የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተቀዳ ነዳጅ ቀረጥ ዛሬ በመያዣነት ሲሰጥ፥ ለነገው የሰፈር መንገድ ጥገና የሚተርፈው እየጠበበ መሄዱን የካውንቲ ምክር ቤቶች ሊዘነጉት አይገባም።

ካውንቲው በራሱ እጅ ያለው ምንጭ ምንድን ነው? የሕገ መንግሥቱ 209ኛ አንቀጽ የገቢ ግብርን፥ የተጨማሪ እሴት ታክስን፥ የጉምሩክና የኤክሳይዝ ቀረጥን ለማእከላዊው መንግሥት ብቻ ጠብቆ፥ ለካውንቲዎች የቤትና የመሬት ግብርን፥ የመዝናኛ ግብርን፥ ለሚሰጡትም አገልግሎት የሚጠይቁትን ዋጋ ትቶላቸዋል። የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ከዚህ ውስጥ ነው። በተጨማሪም በ203ኛው አንቀጽ መሠረት ከማእከላዊው መንግሥት ገቢ ቢያንስ 15 ከመቶው ለካውንቲዎች ይከፋፈላል፤ ለ47ቱ ካውንቲዎች በጠቅላላው የተመደበው ድርሻ በ2023/24 በጀት ዓመት 385.4 ቢሊዮን፥ በ2025/26 ደግሞ 415 ቢሊዮን ሽልንግ ነው። ናይሮቢ ከሁሉ የሚበልጠውን ድርሻ ታገኛለች፤ ነገር ግን ከዚህ ገንዘብ ላይ ሐኪምና መድኃኒት፥ ጽዳትና ደመወዝ፥ ከቀድሞው የከተማ አስተዳደር የተወረሰ ዕዳም ይከፈላል። መጓጓዣ በዚህ ሁሉ መካከል ተሻምቶ የሚያገኘው ፍርፋሪ አንድን ታላቅ ከተማ ከነጎረቤቶቿ ሊያመላልስ እንደማይችል ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን ብንመለከት፥ ከተማዪቱ ከመጀመሪያው የመጓጓዣዋ ልጅ ነበረች፤ በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ደርሶ ባረፈበት ረግረግ ሜዳ ላይ ተቈረቈረችና። በ1934 የኬንያ አውቶቡስ አገልግሎት የሚባለው ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ በ1966 የከተማው ምክር ቤት በኩባንያው ባለድርሻ ሆነ። በዚያ ዘመን የከተማው አስተዳደር አውቶቡሱ በየት እንደሚያልፍና ስንት እንደሚያስከፍል የሚናገርበት ድምፅ ነበረው። በ1973 ግን ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ማታቱዎች ያለ ልዩ ፈቃድ መንገደኛ እንዲያሳፍሩ በቃል ትእዛዝ ፈቀዱ፤ ከዚያም ወዲህ ቀስ በቀስ የሕዝቡ መጓጓዣ ከሞላ ጎደል በግል ባለሀብቶች እጅ ገባ። ማታቱዎች ለድኻው ሕዝብ የዋሉትን ውለታ መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አስተዳደሩ ያልደረሰበትን ሰፈር የደረሱበት እነርሱ ናቸው። በ2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ የመቀመጫ ቀበቶንና የፍጥነት መገደቢያን ግዴታ ባደረጉ ጊዜ እንደታየውም፥ ጽኑ ሕግ ሲወጣ ባለማታቱ ሁሉ ሊታዘዝ ይችላል። ጉድለቱ አስተዳደሩ ራሱ ከሕዝብ መጓጓዣ ላይ እጁን አንሥቶ መቆየቱ፥ ለእርሱም የበጀት ዐምድ አለመክፈቱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ናይሮቢ ከተማ ከካውንቲዋ ድንበር አልፋ ከፈሰሰች ብዙ ዘመን ሆኗል። ማለዳ ከኪቴንጌላና ከሮንጋይ ከካጂያዶ ካውንቲ፥ ከምሎሎንጎና ከአቲ ሪቨር ከማቻኮስ፥ ከሩይሩና ከቲካ ከኪያምቡ፥ ከኬኖልም ከሙራንጋ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚጎርፈው ሕዝብ ግብሩን በአንዱ ካውንቲ እየከፈለ መንገዱን በሌላው ይጠቀማል። ሳውዝ ሲም በዚህ ጎርፍ አፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣው ሁሉ በሞምባሳ መንገድ ጎኗን ታክኮ ያልፋልና። ይህን ችግር ለመፍታት በ2017 መንግሥት በሕግ ማስታወቂያ ቁጥር 18 የናይሮቢ ሜትሮፖሊታን አካባቢ ትራንስፖርት ባለሥልጣንን፥ በአጭሩ ናማታ የሚባለውን፥ አቋቋመ፤ ናይሮቢን፥ ኪያምቡን፥ ማቻኮስን፥ ካጂያዶንና ሙራንጋን እንዲያስተሳስር አደራ ተሰጠው። የፈጣን አውቶቡስ መስመሮችም ተነደፉ፤ በስዋሂሊኛም የዝሆን፥ የአንበሳ፥ የነብር፥ የአውራሪስና የጎሽ ስም ተሰጣቸው። ከእነዚህ መስመሮች ለአንዱ የአውሮፓ ኅብረት፥ የአውሮፓ የኢንቨስትመንት ባንክና የፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ለማቅረብ ተስማምተዋል፤ በቲካ መንገድ ላይም የአውቶቡስ ጣቢያዎች መሠራት ጀምረው ነበር።

ይሁን እንጂ ናማታ ሲመሠረት የቆመው አምስቱ የካውንቲ ምክር ቤቶች መክረው ድምፅ በሰጡበት ሕግ ላይ ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ ላይ ነው፤ ከአምስቱም ካውንቲዎች እያንዳንዱ በየዓመቱ ምን ያህል ሊያዋጣ እንደሚገባው የሚያስገድድ ቀመር አብሮት አልተወለደም። ደንብ ያልተጻፈለት፥ መዋጮም ያልተወሰነለት ዕድር ሐዘን በደረሰ ቀን ድንኳኑን ከማን ቤት እንደሚያመጣ እንደሚቸገር ሁሉ፥ እንዲህ ያለው ባለሥልጣንም ዕቅድ ከመንደፍ አልፎ አውቶቡስ ለመግዛትና መስመር ለመጠበቅ በየዓመቱ የሰው እጅ ማየት ግድ ይሆንበታል። የሕገ መንግሥቱ 189ኛ አንቀጽ ካውንቲዎች እርስ በርሳቸው ተባብረው የጋራ ኮሚቴና የጋራ ባለሥልጣን ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ በግልጥ ይፈቅዳል። ይህ በር ተከፍቶ ሳለ አለመግባት ትልቅ ጉዳት ነው። ስለዚህም የናይሮቢ ካውንቲ ከሕግ ጥያቄዎቹ ሁሉ አስቀድሞ ለብሔራዊው ጉባኤና ለሴኔቱ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ፥ ናማታ በምክር ቤት በጸደቀ ዐዋጅ እንዲጸና፥ የአምስቱም ካውንቲዎች መዋጮ በሕዝብ ብዛትና በመንገደኛ ብዛት ተሰልቶ እንዲጻፍ፥ ከጥገናው ቀረጥም የካውንቲዎች ድርሻ በየዓመቱ ክርክር የማይነሣበት ቋሚ ክፍልፋይ ሆኖ እንዲወሰን ነው እንላለን።

ሕግ ሲጸናና ሲላላ ምን እንደሚሆን ሁለት ምሳሌ ከዚሁ ከተማ እንውሰድ። የናይሮቢ የፍጥነት መንገድ 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከምሎሎንጎ ተነሥቶ፥ በሳውዝ ሲ ጎን አልፎ፥ ለንጉሠ ነገሥታችን መታሰቢያ በተሰየመው በኀይለ ሥላሴ ጎዳና መውጫ አድርጎ፥ እስከ ዌስትላንድስ ይደርሳል። የቻይናው የመንገድና የድልድይ ኮርፖሬሽን ሠርቶ በ2022 ለአገልግሎት ሲከፍተው፥ ኩባንያው ለ27 ዓመት ከተጠቃሚዎች ገንዘብ እየሰበሰበ ወጪውን እንደሚመልስ በውል ታስሮለት ስለ ነበር ገንዘቡም ሥራውም አልተቋረጠም። በተቃራኒው በየካቲት 2020 የናይሮቢ ካውንቲ የትራንስፖርትን፥ የጤናን፥ የሕዝብ ሥራንና የፕላንን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ 187ኛ አንቀጽ መሠረት ለማእከላዊው መንግሥት አስረከበ፤ በሜጀር ጄኔራል መሐመድ ባዲ የሚመራው የናይሮቢ ሜትሮፖሊታን አገልግሎትም ሥራውን ያዘ፤ በ2022 ደግሞ ሥልጣኑ ወደ ካውንቲው ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት መንገድና የእግረኛ መሄጃ መሠራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ በተዘዋወረ ቍጥር ሠራተኛው፥ መዝገቡና ውሉ አብሮ ይናወጣል፥ የጀመረውም የጨረሰውም ማን እንደ ሆነ ለሕዝቡ ይሰወራል።

የውሉ መጽናት ግን የፍጥነቱን መንገድ ለሁሉ አላደረገውም። ከናይሮቢ ጉዞዎች ውስጥ ከመቶ አርባ የሚጠጋው በእግር የሚደረግ ነው፤ በሞምባሳ መንገድ ዳር ወደ ፋብሪካው ማለዳ በእግሩ ለሚሄደው ሠራተኛ ከራሱ በላይ የሚከንፈው መኪና ጥላ ብቻ ይሰጠዋል። የናይሮቢ ካውንቲ በ2015 ባወጣው የእግረኞችና የብስክሌተኞች ፖሊሲ ከመንገድ ሥራ ገንዘቡ 20 ከመቶውን ለእነዚህ ለማዋል ቃል ገብቷል። ይህ ቃል መልካም ቃል ነው፥ እኛም ከልባችን እንደግፈዋለን፤ ነገር ግን ፖሊሲ ዳኛ ፊት አያቆምም፤ የካውንቲው ምክር ቤት ድርሻውን ወደ ሕግ ቢለውጠው፥ ሒሳብ መርማሪው በየዓመቱ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም ብሎ ሊጠይቅ ይቻለዋል።

አገራችንም ይህን ትምህርት በራሷ መንገድ ተምራዋለች። በ1950 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር በተበደረች ጊዜ፥ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጠው ብድር የመጀመሪያው ነበር፤ በተከታዩም ዓመት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በዐዋጅ ተቋቋመ፥ የመንገድ ሥራም ከየሚኒስቴሩ ክርክር ተለይቶ የራሱ ባለቤት አገኘ። በ1997 በዐዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲመሠረት፥ ከነዳጅ ቀረጥ የሚገኘው ገንዘብ ለፌዴራል፥ ለክልልና ለከተማ መንገዶች በመቶኛ ተለይቶ፥ ከተሞችም 10 ከመቶ እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። በኬንያ ሴኔቱና ብሔራዊው ጉባኤ የሚጨቃጨቁበት ነገር በዚያ አስቀድሞ በክፍልፋይ የተቈረጠ ነበር ማለት ነው። ዳሩ ግን አዲስ አበባም ከድንበሯ ውጭ ባለው ጉዞ ዛሬ ከናይሮቢ ጋር አንድ ዐይነት ፈተና አለባት፤ በ2022 በዙሪያዋ የሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከለገጣፎ ማለዳ የሚመጣውን ሕዝብ ሁለት አስተዳደሮች እየተመካከሩ ሊያመላልሱት ግድ ነው።

ከሳውዝ ሲ አድማጮቻችን መካከል፥ «እኛ ስደተኞችና እንግዶች ነን፥ በዚህ ነገር ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የ2011 የኬንያ የከተሞች ሕግ በከተማው ስለሚሰጥ አገልግሎት፥ ስለ ዓመታዊው በጀትና ስለ ልማት ዕቅድ የመምከርና ሐሳብ የማቅረብ ዕድልን ለነዋሪዎች ሰጥቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በ196ኛው አንቀጽ የካውንቲው ምክር ቤት ሥራውን በግልጥ እንዲያካሂድና ሕዝቡን እንዲያሳትፍ ያዝዘዋል። ምርጫ ባንመርጥም በማታቱ እንሳፈራለን፥ ቀረጡንም እንከፍላለን። ስለዚህ የበጀቱን የጊዜ ሰሌዳ ማወቅ ያስፈልጋል። የካውንቲው ዓመታዊ የልማት ዕቅድ እስከ ሴፕቴምበር 1 ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ የገንዘብ አቅጣጫ ሰነዱ እስከ ፌብሩዋሪ 28፥ የበጀቱ ግምት ደግሞ እስከ ኤፕሪል 30 ይቀርባል፤ አዲሱ በጀት ዓመት በጁላይ 1 ይጀምራል። በጀቱ ከተጻፈ በኋላ በጁን ወር የሚሰማ አቤቱታ እምብዛም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው በኦገስትና በጃንዋሪ የሚነገረው ነው፤ ገንዘቡ ያኔ ገና ስም አልወጣለትምና።

በሳውዝ ሲ ባራዛ የሚባለው የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ወይም የአካባቢው የካውንቲ ምክር ቤት አባል ነዋሪውን ሲሰበስብ የሚቀርበው ጥያቄ አጭርና የተለየ ቢሆን ይመረጣል። «መንገዳችን ተበላሸ» ከማለት ይልቅ፥ የጎርፍ መውረጃው ሥራ በ2023–2027 የካውንቲው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ አለ ወይ፥ ካለስ በዚህ ዓመት ስንት ሽልንግ ተመድቦለታል፥ ከሰፈሩ እስከ ሞምባሳ መንገድ የሚያደርሰው የእግረኛ መሄጃ ከ20ው ከመቶ ውስጥ ተቈጥሯል ወይ፥ ካውንቲው ለናማታ በዚህ ዓመት ያዋጣው ገንዘብ ስንት ነው ብሎ መጠየቅና መልሱን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ፥ የብዙ ነዋሪዎች ፊርማም ቢኖርበት፥ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ደርሶ የመቀበያ ማኅተም ቢያርፍበት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰነድ ተመልሶ ለመጠየቅ ያስችላል።